ባሕር የቆለፈ ግብር

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ሕንድ የጨው ግብርና ስለ ጋንዲ የዳንዲ ጉዞ በአማርኛ ሲጻፍም ሲወራም የሚደጋገም አንድ አተራረክ አለ። እንግሊዝ በጨው ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ ድሃው ከበደው፤ ጋንዲ ወደ ባሕር ወርዶ ጨው ቀቀለ፤ ግብሩ ቀረ፤ ሕንድም ነጻ ወጣች፤ ይባላል። ሲሰሙት ያምራል፤ ግማሹ ግን ልክ አይደለም። ጋንዲ ዳንዲ ከምትባለው የባሕር ዳር መንደር በደረሰ ማግሥት ጠዋት ጨው አልቀቀለም። በ1930 ግብሩ ከሰባት ዓመት በፊት ከነበረበት በግማሽ ወርዶ ነበር። ከጉዞው በኋላም 17 ዓመት ቆይቷል። ታዲያ ያ ሁሉ ሕዝብ በምን ተነሳ? መልሱ ያለው በግብሩ አሰባሰብ ላይ ስለሆነ፣ አሰባሰቡን በዝርዝር ላስረዳ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨው ለቀራጭ አስቸጋሪ ዕቃ ነው። ትምባሆ እርሻ ይፈልጋል፣ ጨርቅ ሸማኔ ይፈልጋል፣ አረቄም እሳትና ጋን ይፈልጋል፤ ቀራጩ እርሻውን ለክቶ፣ ጋኑን ቆጥሮ ግብሩን ይጠይቃል። ጨው ግን በሞቃት ጠረፍ ላይ ማንም ሳይሠራው ይገኛል። ማዕበል የተወው ውሃ ጉድጓድ ውስጥ ቀርቶ ፀሐይ ሲበረታበት ነጭ ሆኖ ይጋገራል፤ ሕፃን ልጅም ያፍሰዋል። እንዲህ ያለውን ነገር መቅረጥ የሚቻለው ሰው ሁሉ ከመንግሥት መጋዘን በቀር ከየትም ጨው እንዳያገኝ በመከልከል ነው። በእኛ አገር የነበረው የጨው ግብር ከዚህ ይለያል። አፋሮች አሞሌውን ከቆላው ጠርበው፣ ቅፍለቱ በግመልና በበቅሎ ጭኖ ወደ ትግራይ ደጋ ሲወጣ፣ ባልጋዳ የሚባለው ሹም ግብሩን የሚያስከፍለው በንግዱ ላይ ነበር። የሕንዱ ሕግ ግን ጨውን ከመሬት ማንሳትን ራሱን ወንጀል አደረገ። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ የሚቀጥለው ታሪክ ሁሉ የሚወጣውም ከእሱ ነው።

የጨው አሠራሩን ያላየ ሰው ክልከላው የት ድረስ እንደሚገባ ሊገምት አይችልም። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል ልዩ ልዩ ጨዋጨው ይይዛል፤ ከዚህ ውስጥ ለምግብ የሚሆነው 27 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ኪሎ ጨው ለማግኘት ከ37 ሊትር የማያንስ ውሃ ተንኖ ማለቅ አለበት። ይህን ሁሉ በሦስት ጉልቻ ላይ ላድርቀው ያለ ሰው፣ አብዛኛው ሙቀት ወደ ጎን ስለሚባክን፣ ለአንድ ኪሎ ጨው 40 ኪሎ ያህል እንጨት ይማግዳል። በፍጹም አያዋጣም። ስለሆነም የጠረፍ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በሁለት ዘዴ ይጠቀሙ ነበር።

አንደኛው በፀሐይ ማትነን ነው። ጥልቀት የሌላቸው ገንዳዎች በተርታ ይሠሩና ውሃው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተለቀቀ ይወፍራል። ከመጀመሪያው መጠኑ አንድ አምስተኛ ገደማ ሲቀር ጀሶው ይዘቅጣል፤ ይህ ከጨው ጋር እንዳይደባለቅ በዚያው ገንዳ ይተዋል። አንድ አሥረኛ ገደማ ሲቀር፣ የውሃውን መወፈር በሚለካው የቦሜ መለኪያ 25 ወይም 26 ዲግሪ ላይ ማለት ነው፣ ጨው መርጋት ይጀምራል። ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው መጨረሻው ላይ ነው። መለኪያው 29 ወይም 30 ሲደርስ የቀረው ውሃ መደፋት አለበት። በዚያ ውሃ ውስጥ የቀረው በብዛት የማግኒዚየም ጨው ነው። ልምድ የሌለው ሰው ላለማባከን ብሎ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ያደርቀዋል፤ ያን ጊዜ ጨዉ መራራ ይሆናል፣ ሆድ ያላላል፣ እርጥበት እየሳበም በከረጢቱ ውስጥ ይቀልጣል።

ሁለተኛው ዘዴ የጨው አፈር ማጣራት ነው። ማዕበል የሚወጣበትና የሚወርድበት ሜዳ ሲደርቅ ላዩ ላይ እንደ አመዳይ ያለ ነጭ ነገር ያወጣል። ይህን ከላይ ከላዩ ጠርገው ይሰበስቡታል። ከዚያ ከሥሩ ገለባ በተነጠፈበት ጉድጓድ ወይም በተበሳ እንስራ ውስጥ ይከቱትና የባሕር ውሃ ያንቆረቁሩበታል። ከታች ጠብ ጠብ እያለ የሚወርደው ውሃ ከባሕሩ ስምንትና ዘጠኝ እጥፍ የጨው ክምችት ሊኖረው ይችላል። መወፈሩን ለማወቅ ጥሬ እንቁላል ይጥሉበታል። እንቁላሉ ከሰመጠ ውሃው በአዲስ አፈር ላይ እንደገና ይፈስሳል፤ ወገቡ ከውሃው በላይ ሆኖ ከተንሳፈፈ ለእሳት ደርሷል። አሁን ለአንድ ኪሎ ጨው የሚተነው ውሃ አራት ወይም አምስት ሊትር ብቻ ስለሆነ እንጨቱም ወደ አንድ አሥረኛ ይቀንሳል። ውሃው ሲፈላ አረፋውን መግፈፍ፣ ከድስቱ ግርጌ የሚረጋውን እየዛቁ በቅርጫት ማንጠፍጠፍ፣ የመጨረሻውን መራራ ውሃ መድፋት ነው። በጠረፍ ያለ ቤተሰብ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው አካፋ፣ እንስራና ድስት ብቻ ነው። እንግሊዝ ሊከለክል የነበረበት ይህን ነው። ገንዳውን ብቻ ሳይሆን አፈሩንም፣ ድስቱንም።

ክልከላው የተጀመረው በቤንጋል ነው። የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1757 በፕላሲ ድል ካደረገ በኋላ ቤንጋልን እየጠቀለለ ሄደ፤ በ1772 ዋረን ሄስቲንግስ የጨውን ሥራ በኩባንያው እጅ አስገባ፤ በ1780 ደግሞ በየጠረፉ የኩባንያ ወኪሎች ተሾሙ። ማላንጊ የሚባሉት ጨው ቀቃዮች ከወኪሉ ቀብድ ይቀበላሉ፤ የሠሩትን ጨው በሙሉ ኩባንያው በወሰነው ዋጋ ያስረክባሉ። ለጎረቤት ቢሸጡ ወንጀል ነው። ቀብዱ ዕዳ ሆኖ ያስራቸዋል፤ ዝናብ ያበላሸባቸው ዓመት ዕዳው ወደሚቀጥለው ይተላለፋል። ኩባንያው ያንኑ ጨው ካልካታ ላይ በጅምላ በብዙ እጥፍ ይሸጠዋል። ቆይቶ ከእንግሊዝ አገር ከቼሻየር የተቆፈረ ጨው በሊቨርፑል ወደብ በኩል በመርከብ መምጣት ጀመረ፤ በ1863 መንግሥት በቤንጋል የሚያካሂደው የጨው ቅቀላ ተዘጋ። ባሕር ዳር የተቀመጠ ሕዝብ ከግማሽ ዓለም ርቀት የመጣ ጨው ገዝቶ እንዲበላ ተደረገ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ጨው በአንድ ቦታ ሲወደድ ከሌላው ቦታ ሾልኮ ይገባል። በራጅፑታና፣ በመኳንንቱ ግዛት ውስጥ፣ ሳምባር የሚባል ትልቅ የጨው ሐይቅ አለ፤ ከዚያ የሚመጣው ጨው ርካሽ ነበር። እንግሊዞች ይህን ለማገድ መሐል አገሩን የሚያቋርጥ የኬላ መስመር ዘረጉ። በ1869 መስመሩ ከኢንደስ ወንዝ እስከ ማሃናዲ ወንዝ 2,300 ማይል፣ ማለትም 3,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ደርሶ ነበር፤ የሚጠብቁትም 12,000 ሰዎች ያህል ነበሩ። በመስመሩ ላይ አጥር ተተከለ። አጥሩ የተሠራበት ተክል ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ግራር፣ ቁርቁራ፣ የአጋም ዘመድ የሆነ ቁጥቋጦ፣ ቁልቋልና በለስ ነው። በደህናው ቦታ ቁመቱ ከ8 እስከ 12 ጫማ፣ ውፍረቱ ከ4 እስከ 14 ጫማ ነበር።

አጥሩን ማቆም እንዲህ ቀላል ሥራ አልነበረም። መጀመሪያ ላይ ደረቅ እሾህ ይከምሩ ነበር፤ ለአንድ ማይል 250 ቶን እሾህ ይፈልጋል፤ ያንንም ምስጥ ይበላዋል፣ ሰደድ እሳት ይፈጀዋል፣ ዐውሎ ነፋስ ያነሳዋል። በየዓመቱ እንደ አዲስ ይከመራል። በ1867 የኬላው ኮሚሽነር ሆኖ የተሾመው አለን ኦክታቪያን ሂዩም ደረቁ አጥር በሕያው ተክል እንዲተካ ገፋ። አፈሩ መጥፎ በሆነበት ቦይ ተቆፍሮ ሌላ አፈር ተሞላ፤ ጎርፍ በሚተኛበት እርከን ተሠርቶ ከላዩ ተተከለ፤ ውሃ በጠፋበት ጉድጓድ ተቆፈረ። ድንጋያማው ቦታ ላይ ካብ ተካበ። ይህ ሁሉ ድካም ሰው ጨው ይዞ እንዳያልፍ ነው! ኮንትሮባንዲስቱ ግን ከረጢቱን በአጥሩ ላይ ወዲያ ማዶ ይወረውራል፤ ዘበኛው ደመወዙ ትንሽ ስለሆነ ጉቦ ይበላል፤ በዘበኛውና በመንደርተኛው መካከል ድብድብ አይጠፋም። በኬላው የሚያልፈው ገበሬ፣ ምንም የሌለው እንኳ፣ ጋሪውን አስፈትሾ ነው። ይኸው ሂዩም በ1885 የሕንድ ብሔራዊ ኮንግረስን ካቋቋሙት ሰዎች ግንባር ቀደሙ መሆኑንም አንባቢ ይወቅ።

አጥሩ በኤፕሪል 1 ቀን 1879 ተተወ። ሕዝቡን አዝነው አይደለም፤ ስላላስፈለጋቸው ነው። ሳምባርን በ1870 ከጃይፑርና ከጆድፑር ገዢዎች በኪራይ ይዘዋል፤ ከሌሎቹም መኳንንት ጋር ተዋውለዋል፤ የየአውራጃውን ተመን አቀራርበዋል። አሁን ግብሩ የሚከፈለው ጨዉ ከተሠራበት ገንዳ ሳይወጣ ነው። የ1882ቱ የሕንድ የጨው ሕግ፣ የ1889ኙ የማድራስና የ1890ው የቦምቤይ ሕግ ያለ መንግሥት ፈቃድ ጨው መሥራትን በቅጣት የሚያስጠይቅ አደረጉት፤ ጨዉ ይወረሳል፣ ሰውየው እስከ ስድስት ወር ይታሰራል። ፖሊስና የጨው ዘበኛ በየጠረፉ እየዞረ፣ ፀሐይ በራሷ ያደረቀችውን ጨው ከጭቃ ጋር እየለወሰ ያበላሽ ጀመር። በመሐል አገር የነበረው የእሾህ አጥር ተነሥቶ በባሕሩ ዳር ቆመ ማለት ነው።

ወደ ተመኑ ልምጣ። ጨው የሚሰፈረው በማውንድ ነበር፤ አንድ ማውንድ 37 ኪሎ ከጥቂት ነው። አንድ ሩፒ 16 አና፣ አንድ አና 12 ፓይ ነው። ግብሩ በ1888 ከ2 ሩፒ ወደ 2 ሩፒ ከ8 አና ወጣ፤ ከ1903 ጀምሮ እየቀነሰ በ1907 1 ሩፒ ደረሰ፤ በጦርነቱ ጊዜ፣ በ1916፣ 1 ሩፒ ከ4 አና ሆነ። በ1923 መንግሥት የበጀት ጉድለቱን ሊሞላ በአንድ ጊዜ እጥፍ አድርጎ 2 ሩፒ ከ8 አና ሲያደርገው የሕግ ምክር ቤቱ አልቀበልም አለ፤ እንደራሴው ሎርድ ሬዲንግ በልዩ ሥልጣኑ አጸደቀው። በዓመቱ ወደ 1 ሩፒ ከ4 አና ተመለሰ። በ1930ም የነበረው ይኸው ነው።

ይህ ለአንድ ቤተሰብ ምን ያህል ነው? በዓመት 28 ኪሎ ጨው የሚጨርስ ቤት ከዋጋው ሌላ 15 አና ገደማ ለግብር ብቻ ይከፍላል። ጋንዲ ለእንደራሴው ለሎርድ ኧርዊን በማርች 2 ቀን 1930 በጻፈው ደብዳቤ የአንድ ሕንዳዊ አማካይ ገቢ በቀን ከ2 አና ያነሰ መሆኑን ገልጿል። ስለዚህ የቤቱ የጨው ግብር የአንድ ሰው የሳምንት ገቢ ይበላል። በዚያው ደብዳቤ የእንደራሴው ደመወዝ በወር 21,000 ሩፒ፣ በቀን ከ700 ሩፒ በላይ፣ ከተራው ሰው ገቢም ከ5,000 እጥፍ በላይ መሆኑን አስልቶ ፊት ለፊት ነገረው። በጋዜጣው ደግሞ ሌላ ሒሳብ አወጣ፤ የአንድ ማውንድ ጨው ዋጋ 10 ፓይ፣ ግብሩ ግን 20 አና፣ ማለትም 240 ፓይ፤ 2,400 በመቶ። የሳምንት ገቢ ለድሃ ቀላል ነው አልልም፤ በተለይ በላቡ የሚሠራ ሰውና ከብት ያለው ገበሬ ከሌላው ይልቅ ጨው ይፈልጋሉ። ነገር ግን የመሬት ግብሩ ከዚህ እጅግ ይከብድ ነበር። የኮንግረሱ መሪዎችም ጨው ሲባል የተገረሙት ለዚህ ነው፤ ቫላብሃይ ፓቴል የመሬት ግብር እምቢታን ይመርጥ ነበር። እንደራሴውም የጨው ዘመቻ እንቅልፍ እንደማይነሳው ለለንደን ጽፏል። ሁሉም ያዩት የገንዘቡን መጠን ነው። ጋንዲ ያየው ሕጉን ለመጣስ የሚያስፈልገውን ዕቃ ነው። የመሬት ግብርን እምቢ የሚል መሬት ያለው ብቻ ነው፤ እሱም መሬቱን ያጣል። የጨው ሕግን ግን መሬት የሌለው፣ ሴቷ፣ ሙስሊሙ፣ ሂንዱው፣ ተማሪው፣ ማንም በድስት ይጥሰዋል።

ተቃውሞው በጋንዲ የተጀመረ ግን አይምሰለን። በኦሪሳ እንግሊዞች በ1803 ገብተው የጨውን ሥራ ከያዙ በኋላ የጨው መወደድ በ1817 ለተነሣው የፓይካ አመፅ ከምክንያቶቹ አንዱ ሆነ። በ1844 በሱራት ከተማ ግብሩ ከ8 አና ወደ 1 ሩፒ ሲወጣ ሕዝቡ ተነሥቶ መንግሥት ወደ 12 አና ለማውረድ ተገዷል። በ1885 በቦምቤይ በተደረገው የመጀመሪያው የኮንግረስ ጉባኤ ላይም የጨው ግብር ተነሥቷል። ስለዚህ ቂሙ የመቶ ዓመት ቂም ነበር፤ የጋንዲ ብልሃት የተጠራቀመውን ቂም ቦታና ቀን መስጠቱ ላይ ነው።

ጉዞው ራሱ በደንብ የተሰናዳ ሥራ ነበር። ማርች 12 ቀን 1930 ከአሕመዳባድ አጠገብ ካለው የሳባርማቲ አሽራም፣ ከተከታዮቹ ጋር ከሚኖርበት ሠፈር፣ 78 ሰዎች ይዞ ተነሣ፤ ዕድሜው 60 ነበር። በ24 ቀን 240 ማይል፣ 390 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዙ፤ በሚጓዙበት ቀን በአማካይ ከ10 ማይል በላይ ይሄዳሉ፤ ሰኞ ሰኞ ያርፋሉ። መንገዱ የተመረጠው በአቋራጭነቱ አይደለም። ፓቴል አስቀድሞ በየመንደሩ እየዞረ ሲያሰናዳ ነበር፤ በዚሁ ምክንያት ማርች 7 ቀን ራስ በምትባል መንደር ታሰረ። የሚያልፉበት የኬዳ አውራጃ በ1918 የመሬት ግብር እምቢ ብሎ ያውቃል፤ በስተደቡብ ያለችው ባርዶሊም በ1928 መንግሥት በ22 በመቶ የጨመረባትን የመሬት ግብር ታግላ ወደ 6 በመቶ አስወርዳለች። ማለትም ሲቪል እምቢተኝነትን በኪሱ የሞከረው፣ ንብረቱ ተወርሶበት ያልተንበረከከ ገበሬ በመንገዱ ዳር ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር።

ከጉዞው ቀድመው የሚሄዱ ተማሪዎችም ነበሩ። የሕዝቡን ብዛት፣ የመሬት ግብሩን፣ የእንዝርቱን ቁጥር፣ ለሰውና ለከብት በነፍስ ወከፍ የሚፈጀውን ጨው መዝግበው ይጠብቃሉ፤ ጋንዲ ሲደርስ ለዚያች መንደር የራሷን ቁጥር ይነግራታል። የመንደር ሹሞችን፣ በእኛ አባባል ጭቃ ሹሞቹን፣ ሥልጣናችሁን ልቀቁ ይላቸዋል፤ ብዙዎቹ ለቀቁ። ሹም ከሌለ ግብር የሚሰበስብ፣ ወንጀለኛ የሚጠቁም የለም። የስንቁም ጉዳይ ችላ አልተባለም፤ ከሱራት ወተትና አትክልት በጭነት መኪና መጫኑን ባወቀ ጊዜ ባትጋም መንደር ላይ ተሰብሳቢው ፊት ጓደኞቹን ክፉኛ ገሠጸ። በቀን 2 አና በማያገኝ ሕዝብ ስም እንደራሴውን ከሶ የሚጓዝ ሰው እንዲህ ሊበላ አይገባውም ብሎ ነው።

ኤፕሪል 5 ዳንዲ ደረሱ። ፖሊስ ቀድሞ መጥቶ የጠረፉን ጨው ከጭቃ ጋር ለውሶታል። በማግሥቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጋንዲ ባሕሩ ውስጥ ታጥቦ ወጣ፣ ከልውሰቱ የተረፈች ትንሽ የጨው ክምር ላይ ጎንበስ አለ፣ በእጁ አንሥቶ ያዘ። ወንጀሉ ተፈጸመ። እሳት የለም፣ ድስት የለም። ባልጋዳ ቢሆን ኖሮ የሚጠይቀው ነገር አይኖርም ነበር፤ ምክንያቱም አልተሸጠም፣ አልተጫነም። በዚህ ሕግ ግን ማንሳቱ ብቻ በቂ ነው። ሕጉ ማንሳትን ስለከለከለ፣ ጎንበስ ማለት አመፅ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለአስተዳደሩ መላ የሚያሳጣ ነበር። ሴቶች በቦምቤይ ከባሕሩ ውሃ በእንስራ እየቀዱ ያመጣሉ፤ በኮንግረሱ ቤት ሰገነት ላይ ጨው ይደርቃል፤ ፖሊስ ገብቶ ይሰብራል፤ በማግሥቱ እንደገና ይጣዳል። ካማላዴቪ ቻቶፓድያይ የተከለከለውን ጨው በከተማው ውስጥ እየዞረች ሸጠች። ፖሊስ ጨዉን ከሰው እጅ ለመንጠቅ ጣት በጣት ይፈለቅቅ ጀመር፤ ጋንዲም ጡጫችሁን አትክፈቱ፣ የሕንድ ክብር በመዳፋችሁ ውስጥ ነው አለ። በደቡብ የኮንግረሱ መሪ ራጃጎፓላቻሪ ከኤፕሪል 13 ጀምሮ ከቲሩቺራፓሊ እስከ ቬዳራንያም ሰው አስከትሎ ሄደ፤ በማላባር ኬላፓን ከካሊከት ወደ ፓያኑር ወረደ።

ችግርም ነበረ፤ ይህ ብዙ ጊዜ አይነገርም። ከባሕር የራቀው አገር ጨው መሥራት አቃተው። በሰሜን ሜዳዎች ጨዋማውን አፈር አጥልለው ቀቀሉት፤ የወጣው ነገር ግን ከጨውነቱ ይልቅ መራራነቱ ያይላል፤ ከላይ እንዳልኩት የመጨረሻውን ውሃ አልደፉትም፣ ወይም አፈሩ ራሱ የሌላ ጨዋጨው አፈር ነው። ለአንድ ቀን ሠርቶ ለማሳየት በቂ ነው፣ ለወጥ ግን አይሆንም። በጁን የዝናቡ ወራት ሲገባ ደግሞ በጠረፉም ማትነን ቆመ። እንቅስቃሴው ያልሞተው ሌላ ሕግ ስለፈለገ ነው፤ በቢሃር የመንደር ዘበኛ ግብር እምቢ ተባለ፣ በመካከለኛው አውራጃ የደን ሕግ ተጣሰ፣ በየከተማው የመጠጥ ቤቶች በር ላይ ሴቶች ቆሙ።

ጋንዲ በሜይ 5 ሌሊት ካራዲ መንደር ላይ ተኝቶ ሳለ ታሰረ፤ በጨው ሕጉ ከስሰው ፍርድ ቤት ሊያቀርቡት አልደፈሩም፤ በ1827 የወጣ አሮጌ ደንብ አንሥተው ያለ ፍርድ አስገቡት። ከእሱ በኋላ ሜይ 21 ቀን ባለቅኔዋ ሳሮጂኒ ናይዱና የጋንዲ ልጅ ማኒላል ጋንዲ 2,500 ያህል ሰዎችን ወደ ዳራሳና የጨው ፋብሪካ መሩ። ረድፍ ረድፍ ሆነው ወደ ሽቦው ይሄዳሉ፤ ፖሊሶች ጫፉ ብረት በለበሰ ዱላ ራስ ራሳቸውን ይመታሉ፤ አንድም ሰው እጁን አላነሣም፤ የወደቀው ሲነሣ ሌላው ረድፍ ይመጣል። የዩናይትድ ፕሬስ ጋዜጠኛ ዌብ ሚለር በስፍራው ነበር፤ ከዚያም በጊዜያዊው ሆስፒታል ገብቶ ራሱ ቆጠረ፤ 320 ቁስለኛ፣ ሁለት ሟች። የዓለም ጋዜጦች የተቀባበሉት የእሱን ዘገባ ነው። በዓመቱ መጨረሻ የታሰረው ሰው ከ60,000 በልጦ ነበር።

ይህ ሁሉ ምን አስገኘ? ማርች 5 ቀን 1931 በተፈረመው የጋንዲና የኧርዊን ስምምነት መንግሥት የጨው ሕጉን እንደማይሽር በግልጽ አስጻፈ። የሰጠው ይህን ነው፤ ጨው በሚገኝበት ቦታ አጠገብ ያሉ መንደሮች ለቤታቸው ጨው ይሰብስቡ፣ ይሥሩ፣ በመንደራቸው ውስጥም ይሽጡ፤ ለውጭ ሰው ግን አይሽጡ። ብዙዎች ይህን ሽንፈት ይሉታል። እኔ አይመስለኝም። ግብሩ በተመኑ ቀጠለ፤ የተሸነፈው ግን ጨው ማንሳት ወንጀል ነው የሚለው አንቀጽ ነው፤ የጠረፍ ቤተሰብ ድስቱን ሳይደብቅ ይጥድ ጀመር። ያ አንቀጽ ደግሞ የግብሩ ምሰሶ ነበር።

ስለዚህ ክቡር አዘጋጅ፣ ስለ ዳንዲ በሚቀጥለው ጊዜ ስትጽፉ ተጓዡ ባሕር ዳር ጨው ቀቀለ፣ ግብሩም ቀረ አትበሉ። ግብሩ የቀረው በጊዜያዊው መንግሥት በጀት ከኤፕሪል 1 ቀን 1947 ጀምሮ ነው፤ የእሾህ አጥሩ ከተተወበት ቀን ጋር በወርም በዕለትም አንድ ነው። በ1948 ደግሞ ነጻዋ ሕንድ እስከ 10 ኤከር በሚደርስ መሬት ላይ ጨው የሚያመርት ሰው የመንግሥት ፈቃድ እንዳይጠየቅ አደረገች።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ